ቦርጭና የምግብ ቧንቧ የአሲድ ጉዳት

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀም ስብ፣ በተለምዶ ቦርጭ የሚባለው፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ተመልሶ ግድግዳውን እንዲጎዳ ከሚያደርጉ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚህ ጉዳት ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ የስቡ ቦታ ይበልጥ ይወስናል። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል ስቡ ሆዱ ላይ የተጠራቀመበት፣ ዳሌና ጭኑ ላይ ካለበት ይልቅ ተጋላጭ ነው። ወንዶች ከሴቶች በበለጠ ለከባዱ ጉዳት የሚዳረጉትም በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል።

የጉዳቱ መንገድ

ምግብ ቧንቧ ከጨጓራ በሚጋጠምበት ቦታ አሲዱን የሚያግድ ክብ ጡንቻ አለ፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ዙሪያውን ይዞ ያግዘዋል። በአንጀት አካባቢ የተጠራቀመ ስብ ጨጓራን ሲጫነው የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ አሲዱም ወደ ላይ ይገፋል። ግፊቱ ለዓመታት ሲቆይ የጨጓራው የላይኛው ክፍል በድያፍራም ቀዳዳ ወደ ደረት ሊሾልክ ይችላል። ያኔ ጡንቻውና ድያፍራሙ ስለሚለያዩ መከላከያው ይዳከማል።

ሁለተኛው መንገድ ኬሚካዊ ነው። የሆድ ስብ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞንና ብግነት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ብግነትን የሚያበርደው አዲፖኔክቲን ግን ይቀንሳል። ቃር የማይሰማቸው ቦርጫሞችም ለጉዳቱ ይበልጥ ተጋልጠው መገኘታቸው ግፊት ብቻውን ሁሉንም እንደማያስረዳ ያመለክታል።

ደረጃዎቹ

በመጀመሪያ ግድግዳው ይቆስላል። ሐኪሞች ቁስሉን በኢንዶስኮፒ አይተው ከኤ እስከ ዲ ይመድቡታል፦ ኤ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው፤ ዲ ደግሞ ቢያንስ የቧንቧውን ዙሪያ 75 በመቶ ይይዛል። ቁስሉ ሲደጋገም ጠባሳው ቧንቧውን ሊያጠብ ይችላል።

በአንዳንዶች ላይ የግድግዳው ሴሎች አንጀት ውስጥ ያሉትን ወደሚመስሉ ይለወጣሉ። ይህ ሁኔታ የባሬት ምግብ ቧንቧ ይባላል። ስያሜው የለንደኑ ቀዶ ሐኪም የኖርማን ባሬት ነው። ባሬት እ.ኤ.አ. በ1950 ለውጡን ሲገልጽ ክፍሉን ወደ ደረት የተሳበ ጨጓራ አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ሐኪሞቹ አሊሰንና ጆንስተን በ1953 ክፍሉ ምግብ ቧንቧ መሆኑን አሳዩ፤ ባሬትም በ1957 ተቀበለው። የባሬት ለውጥ ካለባቸው መካከል በዓመት ወደ ካንሰር የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚመጣው ካንሰር አዴኖካርሲኖማ ይባላል።

በኢትዮጵያ፣ በተለይ በአርሲና በባሌ፣ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን ስኳመስ የተባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ እርሱ እንደ አዴኖካርሲኖማ ከቦርጭ ጋር አይያያዝም።

ልኬትና ሕክምና

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና አስጊነት የሚጀምርበት አድርጎ የሚጠቅሰው የወገብ ዙሪያ ለወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ102 እና ከ88 በላይ ደግሞ አስጊነቱ ከፍተኛ ነው። ይህ ልኬት በዋናነት ለልብና ለስኳር በሽታ የወጣ ቢሆንም ለአሲድ ጉዳትም ጠቋሚ ነው።

እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶች የአሲዱን ምርት ይቀንሳሉ፣ ቁስልም ያድናሉ፤ ከታች የሚገፋውን ግፊት ግን አያነሱም። ክብደት መቀነስ ግፊቱንም ያቃልላል፣ ቃሩንም ያስታግሳል። ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል የጨጓራ ባይፓስ ቃርን ያቀላል፤ ጨጓራን በቱቦ ቅርጽ የሚያጠበው ስሊቭ ግን ሊያባብሰው ይችላል። ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ያልታሰበ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ የታየበት ሰው ሳይዘገይ መመርመር አለበት።