ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው፦ የኢትዮጵያና የኬንያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጪ

የሁለት አገሮች የትምህርት ወጪ ሲነጻጸር በብዛት የሚነሳው መለኪያ ትምህርት ከጠቅላላው የመንግሥት በጀት ያገኘው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢንቾን መግለጫ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲመደብ ከመከረ ወዲህ ይህ ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት መታየት ጀምሯል፤ ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ። ለእኔ ግን ስለ መማሪያ ክፍሉ ብዙ የሚነግረን ሌላ ጥያቄ ነው፦ የመምህሩ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ምን ተረፈ? በማን እጅስ አልፎ ደረሰ?

የኬንያ መምህር ቱርካናም ያስተምር ናይሮቢ፣ ደመወዙን የሚከፍለው እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው ብሔራዊው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ነው። በመሆኑም ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ከአንድ ቋት አይቀዱም። የምዋይ ኪባኪ መንግሥት በጥር 2003 (እ.ኤ.አ.) የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ሲያስቀር ለአንድ ተማሪ በዓመት 1,020 ሽልንግ መደበ፤ 650ው ለመጻሕፍትና ለመማሪያ ቁሳቁስ፣ 370ው ለልዩ ልዩ ወጪ። ለሁለቱም የየራሳቸው የባንክ ሒሳብ ስለተከፈተላቸው ርዕሰ መምህሩ የመጽሐፉን ገንዘብ ለጥገና ማዋል አይችልም ነበር፤ ወላጅም ስንት እንደገባ መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ሌብነትን አላስቀረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ገንዘብ መመዝበሩ ተደርሶበት ብሪታንያ እርዳታዋን አቋርጣለች። ጉድለቱ ሊታወቅ የቻለው ግን ገንዘቡ የራሱ ስም ስለነበረው ይመስለኛል።

ክፍያው በቀረበት በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተማሪው ቁጥር ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። አዲስ መምህራን መቅጠር ግን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ታግዶ ነበር። ስለዚህ የደመወዝ ወጪ በተማሪ ሲካፈል ቀነሰ። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ቁጠባ ሊለው ይችላል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን መጨናነቅ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. ባወጣችው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንዲሆን ወሰነች። ገንዘቡ የሚጓዝበት መንገድ ግን ከኬንያ የተለየ ነው። የፌዴራል ድጎማ ለክልል ይደርሳል፤ ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ጥቅል በጀቱ ወደ ወረዳ ወረደ። የወረዳው ምክር ቤት ያንኑ በጀት ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ያከፋፍላል። የመምህር ደመወዝ ለነገ የሚባል ዕዳ ስላልሆነ የመደበኛ በጀቱን አብላጫ ይወስዳል። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ጠመኔው፣ ወንበሩና የጣሪያው ጥገና ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ በእያንዳንዱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 50 ብር አካባቢ ድጎማ ይዞ የመጣው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነበር። ከኪባኪ ሽልንግ ጋር በቀጥታ ሊመዘን የሚገባው ይህ ገንዘብ እንጂ የበጀት ድርሻው አይደለም። ፓኬጁ በብዛት በለጋሾች ገንዘብ የቆመ መሆኑ ግን ንጽጽሩን ያወሳስበዋል።

ከመዝገብ ውጭ የሚቀረውም ቀላል አይደለም። ድንጋይ ያጋዘ፣ ግንድ ያዋጣ፣ ጉልበቱን የሰጠ የኢትዮጵያ ገበሬ መዋጮው በመንግሥት ወጪ ውስጥ አይታይም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የምርጫ ክልሎች ልማት ፈንድ ብዙ ክፍሎችን ሠርቷል፤ ወጪው ግን በትምህርት ሚኒስቴር ዓምድ ሥር አይገባም። ወጪውን ለሕፃናት ቁጥር ለማካፈልም አካፋዩ መታመን አለበት፦ የኬንያ የመጨረሻ ቆጠራ እ.ኤ.አ. የ2019 ሲሆን የኢትዮጵያ የ1999 ዓ.ም. ነው።

አሁን ደግሞ «አንደኛ ደረጃ» የሚለው ስም ራሱ ተንቀሳቅሷል። ሁለቱም አገሮች ከስምንት ክፍል ወደ ስድስት አውርደውታል። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚያው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ይማራሉ። ለ6ኛ ክፍል ተማሪ የተተመነው ድጎማ በዓመት 1,420 ሽልንግ ነው፤ በግድግዳ ለሚለየው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ግን 15,042።