በጣና ዳርቻ የሚስዮን ታሪክን ስለ መመርመር

የክርስትናን መልእክት ወደ ሌላ ሕዝብ የማድረስን ሥራ፥ በዚህም ምክንያት የሚሆነውን የባህሎች መገናኘት የሚመረምረው ትምህርት በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የራሱን ወንበር ያገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ጉስታፍ ቫርኔክ በጀርመን አገር በሃሌ ዩኒቨርሲቲ አስተማረው፤ ከካቶሊኮች ወገን ዮሴፍ ሽሚድሊን በሙንስተር በ1914 ተከተለ። በአሜሪካ ፉለር የተባለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በ1965 «የዓለም ሚስዮን» ብሎ ያቋቋመውን ክፍል በ2003 «የባህሎች ግንኙነት ጥናት» ሲል ሰየመው። የስሙ መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። የፊተኛው ስም ላኪውን ብቻ ሲያመለክት፥ የኋለኛው ግን ተቀባዩም የሚናገረው ቃል እንዳለው ያስታውሳል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ የተቈጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ኢትዮጵያዊ ተማሪ በዚህ ትምህርት የዶክትሬት ማዕርግ ለማግኘት ሲነሣ ጥያቄውን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገውም። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለው የጣና ዳርቻ ጥያቄው ከአራት መቶ ዓመት በፊት በደም ጭምር የተመረመረበት ስፍራ ነው። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጽር ግቢ የሚገኘውን የድንጋይ ሕንፃ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ከፔድሮ ፓኤዝ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ በሰሜኑም ዳርቻ የጎርጎራው ማርያም ግምብ ፍራሽ ይታያል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ምን እንደ ተደረገ፥ ከዚያም ለዛሬው ተመራማሪ ምን ትምህርት እንደሚገኝ በአጭሩ እንመለከታለን።

የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው ኢየሱሳዊው ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በየመን ለብዙ ዓመታት ከታሰረ በኋላ በ1603 ነው። አስቀድሞ በትግራይ ፍሬሞና ተቀምጦ ግዕዝንና አማርኛን ተማረ፤ ሕፃናትንም በአማርኛ የክርስትናን ትምህርት አስጠና። በ1604 ወደ ዐፄ ዘድንግል ቤተ መንግሥት ሄደ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት አዘንብለው የቀዳሚት ሰንበትን መከበር በመከልከላቸው ዐመፅ ተነሣባቸው፥ በዚያው ዓመትም በጦርነት ተገደሉ። ፓኤዝ ከዚህ ነገር ትዕግሥትን ሳይማር አልቀረም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋር እየተከራከረ፥ በጎርጎራ ሕንፃ እያሠራ፥ የአገሩንም ጠባይ እያጠና ኖረ። በኤፕሪል 1618 ከንጉሡ ጋር ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። በፖርቱጋል ቋንቋ የጻፈውን የኢትዮጵያ ታሪክ እንደ ጨረሰ በ1622 ጎርጎራ ላይ ዐረፈ።

ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ የመሰከሩት በዚያው ሰሞን ነው። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ገባ። ሜንዴስ በኤቮራ ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍትን ያስተምር የነበረ የታወቀ የነገረ መለኮት ሊቅ ነው። በፌብሩዋሪ 1626 ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና እንዲሾሙ ታዘዘ፤ የቀዳሚት ሰንበትና ግዝረት ተነቀፉ፥ ባሕረ ሐሳቡና ሥርዐተ ቅዳሴውም ተነካ። በአንድ መቶ ዓመት የማይለወጠው ነገር በጥቂት ዓመታት ይለወጥ ተባለ። በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ በጁን 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ወደ 8,000 ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ዐፄ ሱስንዮስ የሞቱት ገበሬዎች የራሳቸው ሕዝብ መሆናቸውን አይተው የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፥ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአገር ተባረሩ።

ከዚህ የምንረዳው የዩኒቨርሲቲ ሊቅነት ብቻውን ሌላውን ሕዝብ ለማወቅ እንደማይበቃ ነው። ሜንዴስ በትምህርት ከፓኤዝ የሚያንስ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ፓኤዝ ከመናገሩ በፊት ቋንቋውን አጥንቶ ነበር፤ ሜንዴስ ግን ሥርዐቱን ሁሉ በውጭ አገር ደንብ መዘነው። ይህን ስንል ፓኤዝን ነቀፋ የሌለበት ሰው ለማድረግ አይደለም፤ የሁለቱም ዓላማ አንድ ነበር። ልዩነቱ በመንገዱ ነው፥ የመንገዱም ልዩነት ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ወይም የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ።

ተመራማሪውን የሚጠብቀው ዋና ፈተና የምንጮቹ አለመመጣጠን ነው። የኢየሱሳውያኑን መጻሕፍትና ደብዳቤዎች ካሚሎ ቤካሪ ከ1903 እስከ 1917 በ15 ቅጽ አሳትሟቸዋል። ስለዚህ በሮማና በሊዝበን የሚማር ሰው የላኪውን ወገን ቃል በቀላሉ ያገኛል። የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕልም ቢሆን በከፊል የንጉሡን እምነት በተቀበለው በአዛዥ ጢኖ እጅ የተጻፈ ነው። እምቢ ያለው ወገን ቃሉን ያኖረው በገድላት ነው። ከእነዚህም አንዱ መነኵሴው ገላውዴዎስ በ1672 የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከታላላቅ ወገን የተወለዱ፥ የንጉሡ ሹም የነበረ ባላቸውን ትተው የመነኰሱ ሴት ናቸው። በሮማ እምነት አንገባም በማለታቸው ከንጉሡ ፊት ቀረቡ፥ ወደ በረሀም ተጋዙ። ከግዞት ሲመለሱ በጣና ዙሪያ የተሰደዱ ወንዶችንና ሴቶችን ሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ በ1642 ዐረፉ። ማኅበራቸው በምሥራቁ ዳርቻ በቆራጣ ጸንቶ ኖረ። ሚስዮናውያኑ ራሳቸው በደብዳቤዎቻቸው ስለ ወይዛዝርቱ ጽኑ ተቃውሞ ይናገራሉ። የሚስዮኑን ታሪክ ከነገሥታትና ከፓትርያርክ ክርክር ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ወገን ያጣዋል። ገድሉን ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 በግዕዝ አሳተመው፤ የእንግሊዝኛው ትርጕም ግን የወጣው በ2015 ነው። በመካከሉ ስንት የዶክትሬት ጽሑፍ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደ ተጻፈ አንባቢው ይመዝን።

የግንኙነቱ ፍሬ በተጠመቁትና በተመለሱት ሰዎች ቍጥር ብቻ አይለካም። ኢየሱሳውያኑ ከሄዱ በኋላ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያነሡት ክርክር አልሄደም። ተዋሕዶ፥ ቅባትና ጸጋ የተባሉት ወገኖች በጎንደርና በጎጃም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ነገሩም በንጉሥ ፊት የተቈረጠው በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ስለዚህ የሚስዮን ታሪክ የቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ ትምህርት ታሪክም ነው፤ ትርጓሜ መጻሕፍትን ያልሰማ ሰው አይደርስበትም።

ደግሞም ትምህርቱ ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ ብቻ የሄደ አይደለም። ከሚስዮናውያኑ ጋር የተሰደዱት የአምሐራው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮማ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፥ በ1652 ወደ ጎታ ሄደው ስለ አገራቸው አስተማሩት። የሉዶልፍ የ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ የተሠራው በአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት ላይ ነው። የጎጃሙ አቡ ሩሚም በካይሮ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶት ከ1824 ጀምሮ በየክፍሉ፥ በ1840 ደግሞ በሙሉ ታተመ። በ1830 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በእጃቸው ይዘውት የመጡት መጽሐፍ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ረዳት» ወይም «አስተርጓሚ» ብሎ ማለፍ የታሪክ ዕዳ ነው።

በዚህ ረገድ መልካም አርአያ አለን። ግርማ በሻህና መርዕድ ወልደ አረጋይ ስለ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ጥያቄ የጻፉትን መጽሐፍ በ1964 በሊዝበን አሳትመዋል፤ መርዕድ በ1971 በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጽሑፍም የፖርቱጋሉን ምንጭ ከግዕዙ ጋር ያመሳከረ ነው። ዶናልድ ክራሚ በ1972፥ ጉስታቭ አሬን በ1978 ያወጧቸው መጻሕፍት የ19ኛውን መቶ ዓመት ሚስዮኖች ታሪክ አብርተዋል። በቅርቡም የእስፓኝ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት የኢየሱሳውያኑን ሕንፃዎች ቈፍረው መርምረው በ2017 መጽሐፍ አውጥተዋል።

ታዲያ ለሚቀጥለው ተማሪ ምን ቀረ? በአገራችን ሥርዐት ብሉይን፥ ሐዲስን፥ ሊቃውንትንና መነኰሳትን አራቱን ጉባኤ የጨረሰ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። ይህን ለመድረስ ከቅኔ ቤት ጀምሮ ብዙ ዓመት ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ ግድ ነው። የዶክትሬት ተማሪም የላቲኑንና የፖርቱጋሉን መዝገብ ካነበበ በኋላ፥ ወይም አስቀድሞ፥ በዚህ ጉባኤ ዳር ሊቀመጥ ይገባዋል። የጣና ገዳማት መጻሕፍት በከፊል በኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ የክብራንና የሌሎችም ደሴቶች ዝርዝር ከ1973 ጀምሮ ታትሟል። ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባባቸውምና፥ ለሴት ተመራማሪ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ትልቅ በር ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል፤ መጽሐፉን የሚተረጕመውን መምህር ግን በሕይወቱ ሳለ ካልጠየቁት በኋላ አይገኝም።

በ2000 ከሁለቱ ቀደምት ኮሌጆች የተቋቋመው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ገዳማት የሚለየው የታንኳ መንገድ ብቻ ነው። በሮማ ያለው ደብዳቤ እዚያው ይቈያል፤ በቆራጣና በዘጌ ያለው ቃል ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ፥ በእሳትና በብልም የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው ፈጥኖ መሠራት እንዳለበት ግልጽ ነው። የላኪና የተቀባይ ታሪክ በአንድነት በተጻፈ ጊዜ፥ በወይና ደጋ ያለቁት ሰዎች የሞቱለት ነገር በገዛ ቋንቋቸው ይነገርላቸዋል።