በአዋጅ የተጠበሰ ኑድል

ጓደኛችን የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትለዋ ጳጉሜ 6! ስለዚህ በየዓመቱ ያው ጭቅጭቅ ነው፤ “በ5 እናክብርላት ወይስ ዕንቁጣጣሽን እንጠብቅ?” ባለፈው ልደቷ “በ5” የሚሉት አሸነፉና ስድስት ሆነን ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ “ዘመናዊ የደቡብ ምሥራቅ እስያ” ምግብ ቤት ሄድን። መብራቱ ደብዘዝ፣ ሳህኑ ሰፋ፣ ምግቡ ጠብ ያለበት ቤት ነው። ዋጋውን ተዉት፤ የልደት ነገር አይወራም።

ያዘዝነው ፓድ ታይ ነበር። የሩዝ ኑድል ከእንቁላል፣ ከሽሪምፕና ከተከካ ኦቾሎኒ ጋር በመጥበሻ ተገለባብጦ ይመጣል። ገና ሳንጎርስ አንዱ ጓደኛችን “ይሄ ኦርጅናሉ አይደለም” አለ (ባንኮክን በፊልም እንጂ በእግሩ አያውቃትም!)። ከዚያ ወሬው እንዴት እንደሆነ ሳናውቀው ወደ እኛው ሀገር ዞረ። ክትፎ የማን ነው? ቡናን መጀመሪያ ያፈላው ማን ነው? “እናንተ እኮ ከእኛ ነው የወሰዳችሁት!” በቀልድ የተጀመረው ነገር ቀልድነቱ እየቀነሰ ሄደ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ አልተነጋገሩም።

እኔ ደግሞ ስለዚያ ሳህን ያነበብኩት ታሪክ ምላሴ ላይ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ማን ይሰማኛል? እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያም በምትባለው ሀገር መኮንኖችና የመንግሥት ሠራተኞች ፍጹማዊውን የንጉሥ አገዛዝ አስወገዱ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ወታደር ፕሌክ ፒቡንሶንግክራም በ1938 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሰውየው ሀገርን እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል ብሎ ያምን ነበር፤ የሚሠራውም በአዋጅ ነው። ከ1939 እስከ 1942 ባሉት ዓመታት መንግሥቱ አሥራ ሁለት የባህል መመሪያዎችን አወጣ። በመጀመሪያው የሀገሪቱ ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ ተቀየረ። ሌሎቹ የሀገር ውስጥ ምርት ግዙ፣ በሥርዓት ልበሱ የሚሉ ነበሩ። አንዱማ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ አትብሉ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ተኙ ይላል! ሕዝቡ ባርኔጣ እንዲያደርግ ተገፋፋ፤ አያቶች ሲያኝኩት የኖሩት የቤቴል ቅጠልም ተከለከለ።

ለባለ ልደቷ የሚሆነው ደግሞ ይሄኛው ነው። በዚያን ጊዜ የታይላንድ አዲስ ዓመት የሚውለው ኤፕሪል 1 ነበር። መንግሥት “ከዓለም ጋር እንስተካከል” ብሎ ከ1941 ጀምሮ ወደ ጃንዋሪ 1 አመጣው። በዚህ የተነሳ በቡድሃ አቆጣጠር 2483 የተባለው ዓመት ዘጠኝ ወር ብቻ ሆኖ አለቀ። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ፣ ፌብሯሪና ማርች የሚባሉ ወሮች የሉም። ታዲያ የእኛዋ ጳጉሜ 6 ቢያንስ በአራት ዓመቷ ትመጣለች!

ወደ ኑድሉ እንመለስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ በ1942፣ ባንኮክን ከባድ ጎርፍ አጥለቀለቃት፤ ኑሮውም ከበደ። የፒቡን መንግሥት ሕዝቡ ኑድል እንዲበላ ዘመቻ ከፈተ። ኑድል ርካሽ ነው፣ ሩዝ ይቆጥባል፣ ለሚሸጠውም ሥራ ይሆናል። አሠራሩ ለሕዝብ ተሰራጨ፣ በጋሪ የሚሸጡም ተበረታቱ። “የታይ ጥብስ” የሚል ስም የያዘው ሳህንም የተስፋፋው በዚህ ዘመን ነው። እንግዲህ ጓደኛችን “ኦርጅናል” የሚለው ጥንታዊ ምግብ ዕድሜው ከብዙዎቻችን አያቶች ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም።

ግን ሳህኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ኑድሉ ከቻይና ስደተኞች ጋር የመጣ ነው፤ ታዮች “ኩዋይቲያው” የሚሉት ስሙ ራሱ ከደቡብ ቻይና ነው የተወረሰው። በጋለ መጥበሻ ማገለባበጡም የቻይኖች ሙያ ነው። ኦቾሎኒው ከደቡብ አሜሪካ መጣ። የሚያኮመጥጠው ታማሪንድ የአፍሪካ ዛፍ ነው፤ እኛ ሁመር የምንለው። ቃሪያውም ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በፖርቱጋሎች መርከብ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የገባ ነው። (“የእኛ” በርበሬና ሚጥሚጣ የዚሁ ቃሪያ ዘመዶች መሆናቸውን በዚያ ምሽት ባለመናገሬ ደግ አደረግኩ!)

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያስቃል። የማያስቀው ይሄ ነው። ያው መንግሥት ኑድሉን “ታይ” ብሎ ሲሰይም፣ ኑድሉን ያመጡትን ቻይኖች “ታይ አይደላችሁም” እያለ ነበር። ትምህርት ቤቶቻቸው ተዘጉ፣ ጋዜጦቻቸው ተዘጉ፣ በርካታ የሥራ ዓይነቶችም ለታይ ዜጎች ብቻ ተከለሉ። ምግቡ ወደ ማዕዱ ተጠራ፣ ባለሙያው ከማዕዱ ተነሣ።

ፒቡን በ1944 ከሥልጣን ወረደ፣ በ1948 ተመለሰ፣ በ1957 በመፈንቅለ መንግሥት ተባረረና በ1964 ጃፓን ውስጥ በስደት ሞተ። የባርኔጣው ግዳጅ ቀረ። ኑድሉ ግን ቀጠለ። የቀጠለውም ስለሚጣፍጥ ነው፤ ሻጩም በላተኛውም በየቀኑ እያሻሻሉ የራሳቸው አደረጉት። ስለዚህ ፓድ ታይ የታይ አይደለም ልል አልፈልግም። የታይ ነው። የቻይኖቹም ነው። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

እኔን የሚያስፈራኝ “ይሄ ምግብ የእኛ ነው” የሚለው አይደለም፤ ሁሉም ሰው የእናቱን ድስት ይወዳል። የሚያስፈራኝ “የእኛ ብቻ ነው” የሚለው ነው። “ብቻ” የምትለዋ ቃል ስትመጣ ከማዕዱ የሚነሣ ሰው አለ ማለት ነው። ባንኮክ ውስጥ በመመሪያ ተነሡ። ቦሌ ላይ ደግሞ ስድስት ጓደኛሞች ለአንድ ሰዓት ያህል አኮረፍን።

ኬኩ ሲመጣ ባለ ልደቷ ሁለቱን ኩርፈኞች አየት አድርጋ “የእኔ ልደት ራሱ ዘንድሮ የለም፤ እናንተ በምን ተጣላችሁ?” አለች። ሳቁ። ከዚያ ከአንድ ሳህን የቀረውን ኑድል ተሻሙበት።

መልካም ልደት፣ የእኔ ጳጉሜ!