ኮዱ ክፍት ነው፤ መብቱ ግን የማን ነው?

ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲኬድ በወሎ ሰፈር ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ የተከራየ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ሥራውን የሚጀምረው ራሱ ባልጻፈው ኮድ ነው። ሰርቨሩ ሊነክስ ነው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል፤ ፍለጋውን ኢላስቲክሰርች ይሠራለታል፤ ጊዜያዊ መረጃ የሚያስቀምጠው ሬዲስ ላይ ነው። ለአንዱም አልከፈለም። ደግሞስ በምን ይክፈል? ብሩ ቢኖረው ዶላሩን ከየት ያመጣል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት በዶላር የሚታደስ ፈቃድ ላይ የቆመ ሥራ እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ዕድሜ የለውም።

ስለዚህ ካለፉት ሰባት ስምንት ዓመታት ወዲህ ስመ ጥር የሶፍትዌር ኩባንያዎች ክፍት ፈቃዳቸውን (ማንም ኮዱን በነጻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የሚያስችለውን) አንድ በአንድ መተዋቸው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል፤ እኛም የራሳችን ታሪክ አለንና። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በተዘጋ በር ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ከነበሩት ጀማሪዎች አንዱ የዳሸን ኢንጂነሪንጉ ፍሥሐ አጥላው ነበሩ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተባሉት ሶፍትዌሮች የጸሐፊዎችን ጠረጴዛ ተቆጣጠሩ። ጋዜጣው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ በየመንገዱ ዳር ያለው የጽሕፈት አገልግሎት ሁሉ በእነርሱ ጻፈ። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። የዚያን ጊዜው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ እሱም ለላቲን ፊደል የተሰናዳ። ከሀ እስከ ፐ ያለው ፊደላችን ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ አንድ ፎንት ውስጥ ስለማይበቃ በሁለትና በሦስት ፎንት ተከፋፈለ፤ አከፋፈሉንም እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ ወሰነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ብቻ ባለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ የጸሐፊው ነው፤ ማንበቢያው ግን የሻጩ። በዚያ ዘመን የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተኝተዋል፤ ማንበብ የሚችለው የድሮውን ፎንት ያላራገፈ ነው።

መፍትሔው የመጣው አንድ ሻጭ ሌሎቹን ስላሸነፈ አይደለም። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የተባለው ዓለም አቀፍ የቁምፊ መለያ ደረጃ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቁምፊዎችን መደበ፤ ቦታቸው የማንም ንብረት አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሻጮቹም ወደዚያው መጡ። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ። ኪማን የተባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር ደግሞ በንግድ ተጀምሮ በ2015 ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ከገዛው በኋላ ነጻና ክፍት ሆነ፤ ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ባልደረቦቹ ያዘጋጇቸው የአማርኛና የትግርኛ ኪቦርዶችም በዚያው ይገኛሉ። እኛ ከተዘጋው ወደ ክፍቱ ስንሄድ ዓለም ደግሞ ተመልሶ ወደ መዝጋት ዞረ።

ዙሩን የጀመረችው የዳታቤዝ ኩባንያዋ ሞንጎዲቢ ናት ማለት ይቻላል፤ ጥቅምት 2018 ላይ። ምክንያቷ አማዞንና መሰሎቹ ነበሩ። ኮዱን በነጻ ወስደው በራሳቸው ክላውድ ላይ አገልግሎት አድርገው ይሸጡታል፤ የጻፈው ኩባንያ ግን ከሽያጩ ምንም አያገኝም። እውነት ለመናገር ቅሬታው መሠረት ነበረው። መድኃኒቱ ግን ከበሽታው የማይሻል ሆነ፤ ኮዱን እንደ አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ አገልግሎቱን የሚያስተዳድርበትን ሶፍትዌር በሙሉ ይክፈት የሚል ፈቃድ ጻፈች፤ የክፍት ምንጭ ፈቃዶችን የሚመዝነው ተቋምም አላጸደቀውም። የኢላስቲክሰርች ባለቤት ኢላስቲክ በ2021 መጀመሪያ ያንኑ ፈቃድ ይዛ ተከተለች። አማዞን በዚያው ዓመት የቀድሞውን ኮድ ይዞ ኦፕንሰርች ብሎ ተነጠለ። የቴራፎርም (የሰርቨር ማዋቀሪያው ሶፍትዌር) ባለቤት ሃሺኮርፕ ነሐሴ 2023 ላይ ቢዝነስ ሶርስ ወደሚባለው ፈቃድ ተዛወረች፤ ከሳምንታት በኋላ ከቀድሞው ኮድ ተነጥሎ ኦፕንቶፉ ተወለደ፤ ኩባንያዋንም አይቢኤም ገዛት። ሬዲስ መጋቢት 2024 ላይ ፈቃዱን ሲቀይር በዚያው ወር ከእሱ የተነጠለው ቫልኪ በሊነክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ሥራ ጀመረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢዝነስ ሶርስ የተባለውን ፈቃድ ያመጣው ማሪያዲቢ የተባለው ኩባንያ ነው። ማሪያዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ የተፈጠረው ማይኤስኪውኤል በኦራክል ኩባንያ እጅ ገብቶ ይዘጋል ተብሎ ስለተፈራ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ፈቃዳቸውን በአንድ ጀንበር መቀየር የቻሉት እንዴት ነው? ቀድሞ የተለቀቀው ኮድ በቀድሞው ፈቃድ ይቀራል፤ ማንም ሊነጥቀው አይችልም፤ እነኦፕንሰርች መነጠል የቻሉትም ለዚህ ነው። የሚቀጥለውን እትም ፈቃድ የሚወስነው ግን የቅጂ መብት ባለቤቱ ነው። በኛም አገር የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ከእነዚህ ኩባንያዎች አብዛኞቹ ኮዱን በብዛት ራሳቸው ጽፈውታል፤ ከውጭ ኮድ የሚያዋጣ ሰውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ውል ይፈርምላቸዋል፤ ውሉ ያዋጣውን ኮድ ኩባንያው በፈለገው ፈቃድ እንዲያወጣ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሊነክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊርማ የለም። የከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) መብት በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎችና ድርጅቶች ተበታትኗል፤ ፈቃዱን ለመቀየር የሁሉም ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አይቀየርም። ፖስትግሬስም አንድ ጌታ የለውም። በእኔ ዕይታ የፈቃዱን ስም ከማንበብ ይልቅ መብቱ በስንት እጅ እንዳለ መጠየቅ ይበልጣል።

የወሎ ሰፈሩን ድርጅት ከሞንጎዲቢ ይልቅ በቀጥታ የነካው ምናልባት ኦዱ የተባለው የንግድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኦዱን ለነጋዴው በመግጠም የሚተዳደሩ ድርጅቶች አሉ። የቤልጅጉ ኩባንያ በ2015 ዘጠነኛውን እትም ሲያወጣ ምርቱን ለሁለት ከፈለው፤ ክፍቱና የሚሸጠው። የሂሳብ አያያዙ ዋነኛ ክፍል ወደሚሸጠው ሄደ። የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ ሶፍትዌር ቢገዛ በመጀመሪያ የሚፈልገው ሂሳቡን ነው። አንዳንዱ የጎደለውን ራሱ ጽፎ ሞላ፤ አንዳንዱ ኢአርፒኔክስት ወደተባለው ተመሳሳይ ክፍት ሶፍትዌር ሄደ፤ አንዳንዱ የድሮው እትም ላይ ቀረ፤ የደኅንነት ጥገና ሳያገኝ።

ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ክፍት ፈቃድ መልሰው ከአማራጮቻቸው ጨመሩ። የሄደው ሰው ሁሉ ግን አልተመለሰም።

እዚህ አገር በክፍት ኮድ ላይ ከቆመው ሁሉ ትልቁ ነገር የፋይዳ መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ይህ ሥርዓት የተሠራበት ሞሲፕ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር በሕንድ ባንጋሎር ከተማ፣ በዓለም አቀፉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ በ2018 የተጀመረ ነው። ፈቃዱ የሞዚላ ነው፤ ባለቤቱ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ሳይሆን የትምህርት ተቋም ነው። ጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለአክሲዮን አያስጨንቀውም፤ የለጋሽ ገንዘብ ግን ያስፈልገዋል፤ ለጋሽም ይሰለቻል። ያ ቀን ቢመጣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ያን ኮድ ከፍቶ አንብቦ፣ አስተካክሎ፣ በራሱ ሊያስቀጥል የሚችል በቂ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለው ሊኖር የሚገባው ግን ከዚያ ቀን በፊት ነው።