ፏፏቴው ሽቅብ የፈሰሰበት ፊልም

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተደላድላችሁ ተቀመጡ፤ ወሬው አይቸኩልም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አውሬ ነው፣ ያውም ስለማያስፈራ አውሬ።

ጣናነሽ የምትባለው የጣና ሐይቅ መርከብ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በምትመላለስበት ዘመን መንገዱ የአንድ ቀን መንገድ አልነበረም። ጠዋት ውኃው ገና ሳይነቃ ትነሣለች፣ ከዚያም ደቅ ደሴት ላይ ቆማ ሰውና ጭነት ታወርዳለች፣ ሰውና ጭነት ታነሣለች፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታና ማዕበሉ ጎኗን ሲመታት ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ወንዶቹም ያልፈሩ ለመምሰል የእህል ዋጋ ያወራሉ፣ ከዚያም ሲመሽ ቁንዝላ ትደርስና ታድራለች። ጎርጎራ የሚደረሰው በማግስቱ ነው። እንግዲህ የዚያን ሌሊት ሰው ምን ይሠራል? ያወራል እንጂ!

ከእነዚህ አዳሮች በአንዱ፣ ባሕር ዳር ቪዲዮ ቤት ገብቶ የወጣ አንድ ወጣት ያየውን ፊልም ሲተርክ ሰማሁ። ፊልሙ አናኮንዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ የአማዞን ወንዝ ላይ በጀልባ የሚሄዱ ሰዎችን ዘንዶ የሚበላበት። ልጁ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና በሁለት እጁ የዘንዶውን ውፍረት አሳየ፣ ከዚያም እጁ ስላልበቃው ተነሥቶ ቆመ።

«ከዚያ ክፉውን ሰውዬ ዋጠው።»

«ዋጠውና?» አሉ አንዲት እናት።

«ዋጠውና መልሶ ተፋው። ሰውዬው ሲወጣ ለሴትዮዋ ዓይኑን ጠቀሰላት።»

«የተዋጠ ሰው ዓይኑን ይጠቅሳል?»

«ጠቀሰ ስልዎት! ደግሞ ጀልባዋ ስታልፍ ከኋላዋ ያለው ፏፏቴ ሽቅብ ይፈስ ነበር።»

ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ዘንዶውን አምኜሃለሁ። ጢስ ዓባይን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውኃ ሽቅብ አይፈስም።» ልጁ በእመቤቴ ብሎ ማለ፣ ከዚያም ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያም ከሳቁ በኋላ ሁሉም «እሺ፣ ቀጥል» አለው።

ልጁ አልዋሸም። ፊልም ሠሪዎቹ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ለማሳየት የቀረጹትን ገልብጠው አጫወቱት፣ ጀልባዋም ወደ ኋላ ሄደች፣ ፏፏቴውም አብሮ ሽቅብ ወጣ። ለዚያ ፊልም 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበታል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ግን ውኃውን ሊያወርደው አልቻለም።

ገንዘብ ያለው እንዲህ ከሆነ የሌለውማ ምን ይሁን? ስሙኝማ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊል ተከር የሚባል ወጣት ዳይሬክተር፣ ከሌላ ዓለም መጥቶ የሰውን ዘር የሚያጠፋ ሮቦት ሊያሳይ ተነሣ። የሮቦት ልብስ ማሠሪያ ግን አልነበረውም። ከዚያም የራሱ የጎሪላ ልብስ ያለው ጆርጅ ባሮውስ የሚባል ሰው ትዝ አለው፣ ከዚያም ጠራውና ልብሱን አስለበሰው፣ ከዚያም በጎሪላው ራስ ፋንታ የባሕር ጠላቂ የሚያጠልቀውን ቆብ ደፋበት። ማስፈራሪያው እንዲሟላም የሳሙና አረፋ የሚነፋ ማሽን ዋሻ ደጃፍ ላይ አቆመ። በአራት ቀን ቀርጾ ጨረሰው፤ ወጪውም 16,000 ዶላር ገደማ ነበር። «ሮቦት ሞንስተር» ይባላል። ያን ጠጉራም ልብስ ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ገደል ሲወጣና ሲወርድ የዋለውን ባሮውስን አስቡት! የሰው ዘር መጥፊያው ላብ በላብ ሆኖ።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ «ዘ ጃያንት ክሎው» የሚባል ፊልም መጣ። ጄት ከሰማይ የሚለቅም ግዙፍ ወፍ ነው ታሪኩ። ተዋንያኑ ሲቀረጹ ወፉን አላዩትም፤ ባዶ ሰማይ እያዩ ነበር የሚደነግጡት፣ ደግሞም አጥብቀው ደነገጡ። ፕሮዲውሰሩ ሳም ካትዝማን ወጪ ለመቆጠብ ወፉን ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ አሠራው፤ መጣም፣ አንገቱ የተንዘላዘለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አናቱ ላይ ጠጉር ጉች ያለበት፣ በክር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት። ዋናው ተዋናይ ጀፍ ሞሮው ፊልሙን መጀመሪያ ያየው በገዛ ከተማው፣ ሊያውቁት በሚችሉ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ነው። ወፉ ብቅ ባለ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ሞሮውም ሰው ሳያየው ሹልክ ብሎ ወጣና ቤቱ ገብቶ መጠጡን ቀዳ ይባላል። እኔ ይህን ሰው አዝንለታለሁ፤ እናንተም እንደምታዝኑለት አውቃለሁ። ግን ያን ወፍ ዛሬም ሰው ፈልጎ ያየዋል፣ በዚያው ዓመት ከወጡ ስንትና ስንት ደህና ፊልሞች ግን ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

ለምን ይመስላችኋል? አያቶቻችን ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲሉ፣ እኛ «የላም በረት» ካላልን ተረቱ ከቦታው አይነሣም ነበር። ጭራቁን የሚሠሩት በድምፃቸውና በእጃቸው ብቻ ነው፣ ጥርሱንና ጥፍሩን የምንጨምርበት እኛ ነን። ኮምፒውተር ቅርፊቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሠራው የዛሬው አውሬ ግን ተመልካቹን ሥራ ያስፈታዋል፤ አፉን ከፍቶ ከማየት በቀር የሚጨምረው የለም። ክሩ የሚታየው ወፍ የጎደለው ነገር አለና ይጣራል፤ አንዱ ይስቅበታል፣ አንዱ ያርመዋል፣ አንዱ «ኧረ ተዉት ምስኪኑን» ይላል፣ ከዚያም እንግዳ የነበረው ሰው ሁሉ ዘመድ ሆኖ ይወጣል።

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሲኒማ ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ግን በየከተማው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው፣ እንግሊዝኛው ሳይገባቸው፣ «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያሉ ቴሌቪዥኑን ይመክሩት ነበር። የተጨነቀ ካለም አጠገቡ ያለው «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ብሎ ያጽናናው ነበር። ዛሬ ደግሞ በአማርኛ የተተረከ ፊልም በፍላሽና በስልክ ገጠር ድረስ ይገባል፣ ተራኪውም ከራሱ ጨዋታ ይጨምርበታል። ካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር ውስጥ አይዛክ ናብዋና በ200 ዶላር እንኳ ባልሞላ ወጪ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» በዓለም የታወቀው በተኩሱ ብቻ አይደለም፤ በፊልሙ ላይ እየጮኸ የሚቀልደው ተራኪም አለበት።

የእኛም ተራ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ፣ እዚሁ አገራችን፣ በአማርኛ «ክረምስ»ን ሠራ። ዓለም አልፋለች፣ ሰማይ ላይ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይሸጣል፣ ዳንኤልም ሻንጣ የማይሞላ ተስፋውን ይዞ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ያንሶ የርካሽ ፊልሞችን ለዛ እያወቀ ነው የወሰደው፤ የዳንኤልን መንገድ ግን በዋዛ አልሠራውም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉ። እያወቁ ብልሹ አድርገው የሚሠሩም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አውሎ ነፋስ ሻርክ ተሸክሞ ከተማ ላይ ያዘነበበት «ሻርክኔዶ» አንዱ ነው። ሳቁ አለ፣ ግን ቀድሞ ተከፍሎበታል። ተከርና ሞሮው ግን ከልባቸው ነበር፤ አቅም አነሳቸው እንጂ አልቀለዱም። በጎሪላው የሚስቅ ሰው ጎሪላው ውስጥ ያለውን ላብ ካልረሳ ሳቁ ነውር የለበትም።

እንግዲህ እናንተ በኪሳችሁ ካሜራ የያዛችሁ የባሕር ዳርና የጎርጎራ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የጣናን አውሬ ሥሩልን። አዞ የለንም፣ ያለን ጉማሬ ነው፤ ሐይቁም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ስለዚህ ግዙፍ አውሬ ቢገባበት ጀርባው ውጭ ይቀራል። ግድ የለም፣ ይቅር። ደንገሉ እዚሁ ነው፣ ታንኳ የሚያስሩ እጆችም አሉ፤ አውሬውን በደንገል እሰሩት፣ ሁለት ጎበዝ ከሥሩ ይግባና ይሸከመው፣ እግራቸው ቢታይም አናፍርባችሁም። ብቻ ለማሳቅ ብላችሁ አትነሡ፤ ልታስፈሩን ከልባችሁ ልፉ፣ ሳቁን ለእኛ ተዉት። ቲኬት ቆርጠን፣ ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን። አክተሩን ግን አደራ፣ እንዳትገድሉብን።