የችግር ዘመን ደብዳቤዎች ወደ ዋይት ሐውስ

በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በበረታበት እ.ኤ.አ. በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር፡፡ በዚያው ዓመት ማርች 4 ቀን ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ በስምንተኛው ቀን በሬዲዮ ቀርበው የባንኮችን መዘጋት ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ አስረዱ፡፡ ደብዳቤውም ዋይት ሐውስን አጥለቀለቀው፡፡ ከእርሳቸው በፊት በነበሩት በፕሬዚዳንት ሁቨር ጊዜ አንድ ሰው ይበቃው የነበረው የደብዳቤ ክፍል፣ በቀን የሚገባውን በሺሕ የሚቆጠር ፖስታ ለማንበብ በርካታ ሠራተኞች አስፈለጉት፡፡

ባለቤታቸው ኤሊኖር ሩዝቬልትም በዚያው ዓመት ኦገስት ወር በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ አንባቢያን እንዲጽፉላቸው ጋበዙ፡፡ በ1933 ብቻ 300 ሺሕ ያህል ደብዳቤ ደረሳቸው፡፡

የሚገርመው የጥያቄው ትንሽነት ነው፡፡ አሮጌ ካፖርት፣ የልጅ ጫማ፣ ጥቂት ዶላር፡፡ ብዙዎቹ ልመና እንዳይመስልባቸው “በብድር ይሁንልኝ” ይላሉ፤ ስማቸው እንዳይወጣ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይማፀናሉ፡፡ በ1935 አንዲት ነፍሰ ጡር ለሚወለደው ልጇ ልብስ ስትጠይቅ ቀለበቶቿን መያዣ አድርጋ ልካለች፡፡ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማመልከቻውን ይዞ መንገድ ዳር የንጉሡን መኪና ይጠብቅ ለነበረው የእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፡፡ ልዩነቱ የእኛው በአደባባይ አቤት ሲል፣ አሜሪካዊው ችግሩን በፖስታ አሽጎ መላኩ ነው፡፡

መልሱስ? ለአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛ መርዳት እንደማይቻል በትሕትና የሚገልጽ የተዘጋጀ ደብዳቤ፡፡ ኤሊኖር አልፎ አልፎ ከራሳቸው ገንዘብ ሰጥተዋል፡፡ በሌላ በኩል ለፕሬዚዳንቱ የተጻፉት በጉዳይ እየተለዩ ይቆጠሩና ፍሬ ሐሳባቸው ይቀርብላቸው ነበር፡፡ ስለዚህ ደብዳቤው ለጻፈው ሰው ጫማ ባያስገኝም መንግሥት የሕዝቡን የልብ ትርታ የሚያዳምጥበት መሣሪያ ሆኗል ማለት ይቻላል፡፡

ቀሪው ወደ ዕርዳታ መሥሪያ ቤቶች ይመራ ነበር፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፡፡ አቤቱታው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ዕርዳታ አዳዮች ያደላሉ የሚል ሲሆን፣ ደብዳቤው ወደ ታች ሲመራ በእነዚያው ሰዎች እጅ ሊወድቅ ይችላል፡፡ ይህ በተለይ በደቡብ ግዛቶች ለነበሩ ጥቁሮች የሕይወት ጉዳይ ነበር፡፡ ተደብድበን ከቀያችን እንባረራለን ብለው በመፍራት በደላቸውን ዘርዝረው ጽፈው ስማቸውን ሳይፈርሙ የላኩ ነበሩ፡፡ ስምና አድራሻ ለሌለው ደብዳቤ ደግሞ መልስ መላክ አይቻልም፡፡