የሙያ ማሠልጠኛ ሲመርጡ፦ ከማስታወቂያው በፊት ፈቃዱን ይዩ

የክረምቱ ዝናብ ጋብ ሲል የአዲስ አበባ የመብራት ምሰሶዎች፣ የታክሲ መስኮቶችና የሕንፃ ግንባሮች በኮሌጅ ማስታወቂያ ይሸፈናሉ። «ምዝገባ ጀምረናል»፣ «በአጭር ጊዜ»፣ «በማታና በቅዳሜና እሑድ»፣ «ሥራ እናስቀጥራለን» የማይል የለም። ለወላጅ በእርግጥ የሚጠቅመው መረጃ ግን፣ ማለትም ኮሌጁ የትኛውን ሙያ፣ በየትኛው ደረጃና በየትኛው ግቢ እንዲያሠለጥን እንደተፈቀደለት የሚገልጸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቃቃ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ወይም ጭራሹን የለም።

ጉዳዩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት እንዳሉ ሆነው፣ የሚበዛው ወጣት ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ለብዙው ደግሞ ያ መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው።

የሚያሳዝነው፣ የተማረ የሚባለው ወላጅ ለልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ የሚያደርገውን ማጣራት ለሙያ ትምህርት ቤት ሲሆን የማያደርግ መሆኑ ነው። «ለጊዜው ይያዝ» ብሎ ለሠፈሩ ቅርብ በሆነው ያስመዘግበዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ ቀረ እንጂ ንቀቱ አልቀረም። የተናቀ ነገር ደግሞ አይጣራም፤ ያልተጣራ ገበያ ላይ የሚከብረው አታላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መታየት ያለባቸውን ነጥቦች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ፈቃዱ ለስም አይሰጥም

የዘርፉ ዋና ሕግ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954 ነው። ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚመራው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የግል ተቋማትን ፈቃድ የሚከታተለው የከተማው አስተዳደር የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኮሌጁ ዕውቅና አለው?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሙያ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ግቢ ነው። በሂሳብ አያያዝ ደረጃ 4 የተፈቀደለት ኮሌጅ በአውቶሞቲቭ ላይፈቀድለት ይችላል። ፒያሳ ያለው ግቢ ተፈቀደ ማለት መገናኛ የተከፈተው ቅርንጫፍ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን አስወጥተው አራት ነገር ያንብቡ፦ ሙያው፣ ደረጃው፣ አድራሻውና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያም ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄደው ያረጋግጡ። «በሒደት ላይ ነው» የሚል መልስ የለንም ከማለት ተለይቶ መታየት የለበትም።

ሠርተፊኬቱና ምዘናው ሁለት ናቸው

ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የተከፈለ ሲሆን፣ የሚመራውም ለእያንዳንዱ ሙያ በወጣ የሙያ ደረጃ ሰነድ ነው። ኮሌጁ «ሠልጥኗል» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት አንድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው የብቃት ምዘና ሌላ ነገር ነው። ምዘናውን የሚሰጠው ያሠለጠነው ኮሌጅ አይደለም። ቀጣሪው የሚጠይቀው፣ ወደሚቀጥለው ደረጃም ሆነ ወደ ዲግሪ ለመሻገር የሚፈለገው ይኸው የምዘና ማስረጃ ነው። ምዘናውን ዘልለው ዲግሪ ጀምረው፣ ከዓመታት በኋላ ሰነዳቸው ሲጣራ የተቸገሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923ም ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ጠይቋል።

እንግዲህ ሬጅስትራሩን የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ተማሪ አስመረቃችሁ?» ሳይሆን «ባለፉት ሁለት ዙሮች በዚህ ሙያ ስንት አስመዘናችሁ፣ ስንቱ አለፈ?» የሚለው ነው። መልሱን በጽሑፍ ሊያሳይ የማይፈልግ ተቋም መልሱን ሰጥቷል።

ወርክሾፑን በሥራ ቀን ይጎብኙ

ሙያ በጥቁር ሰሌዳ አይለመድም። ጉብኝቱ በምዝገባ ቀን ሳይሆን ሥልጠና በሚሰጥበት ቀን ይሁን። ለብየዳ ከሆነ አንድ ማሽን ለስንት ሠልጣኝ እንደሚደርስ፣ ኤሌክትሮድና ላሜራ በበቂ የሚቀርብ መሆኑን ይመልከቱ። ለአውቶሞቲቭ ከሆነ የሚነሣ ሞተር አለ ወይስ አቧራ የለበሰ አሮጌ መኪና ለዓይን ቆሟል? የፍጆታ ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዝቅተኛ ክፍያ የሚባለው ብዙ ጊዜ በኋላ በዕቃ ግዢ ይሞላልና። አሠልጣኞቹስ ራሳቸው ተመዝነዋል?

ሥርዓቱ ሠልጣኙ ሰፊውን ጊዜ በተግባር እንዲያሳልፍ፣ ከዚያም የተወሰነውን በድርጅት ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲያሳልፍ ይጠይቃል። የትኞቹ ድርጅቶች እንደሚቀበሉ፣ ከኮሌጁ ጋር የተፈረመ ውል መኖሩንና ሠልጣኙን እዚያ የሚከታተለው ማን እንደሆነ ይወቁ። «ራስህ ፈልግ» የሚል ኮሌጅ የሥልጠናውን ግማሽ ልብ ለሠልጣኙ ትቶታል።

መንግሥት ወይስ የግል?

ብዙ ቤተሰብ የመንግሥት ኮሌጆችን ሳያያቸው ያልፋል። በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ በቀድሞው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ግቢ ያለው እንጦጦ፣ እንዲሁም ምሥራቅ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ዛሬም ያሠለጥናሉ። ክፍያቸው ዝቅተኛ ነው፤ ብዙ ማሽን ለሚጠይቁ ሙያዎችም ግቢያቸው ሰፋ ያለ ነው። በአንጻሩ የመግቢያ ውጤትና የቦታ ውስንነት አለባቸው። የግሎቹ በሰዓት አመቺ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ጥሩ የሚሠሩ አሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ብዙ መሣሪያ በማይጠይቁ የቢሮ ሙያዎች ላይ ያተኮሩ ናቸው። ልጁ የሚፈልገው ብረታ ብረት ከሆነ፣ ኮሌጁ ያለውን ሙያ እንዲመርጥ ሳይሆን ሙያው ያለበትን ኮሌጅ እንዲፈልግ ያድርጉት።

ደረሰኙ ላይ የተጻፈው

«የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ወላጅን ዝም ለማሰኘት የተሠራ ይመስላል። ሠልጣኙ በራሱ ፈቃድ ሲያቋርጥ ሊያከራክር ይችላል። ተቋሙ ያልተፈቀደለትን ሙያ አስመዝግቦ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704 በተንኮል የተገኘ ውል እንዲፈርስ ለመጠየቅ መንገድ ይከፍታል። በቁጥር 1771 ደግሞ ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን እንዲፈጽም ወይም ውሉ እንዲሰረዝ፣ በተጨማሪም ኪሣራ እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል።

መብቱ የሚሠራው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ሙያው፣ ደረጃው፣ የሥልጠናው ርዝመት፣ ጠቅላላ ክፍያው (የመመዝገቢያ፣ የደንብ ልብስ፣ የዕቃና የምዘና ጭምር) በጽሑፍ ይሁን። ማስታወቂያውን ሳይቀር ያስቀምጡ፤ ደረሰኙ የሥልጠናውን ስም ይጥቀስ። ልጁ 18 ዓመት ካልሞላው የሚፈርመው ወላጅ ወይም ሞግዚት ነው።

ለአንድ ቴሌቪዥን መርካቶን ሦስት ጊዜ የሚዞር ሰው ለልጁ የሁለት ዓመት ዕድሜ አንድ ቀን ቢዞር አይበዛበትም። ገንዘብ በክስም ቢሆን ሊመለስ ይችላል። የባከነ ሁለት ዓመት ግን በየትኛውም ፍርድ ቤት አይመለስም።